ድሬ ብትሞቅም ጨቅላው ይበርደዋል

«ሲስተር፣ በዚህ ሙቀት ደረቴ ላይ ለጥፌው አይታፈንም?» ድሬዳዋ ውስጥ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ያላት እናት፣ በተለይ ግንቦት ላይ፣ ይህን ሳትጠይቀኝ አታልፍም። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ እኛ ባለሙያዎቹም እንደሷ ስናስብ ነው።

«ከተማዋ ሞቃት ናት» ብሎ መዘናጋት የመጀመሪያው ስህተት ነው። የነዚህ ልጆች ቆዳ ስስ ነው፤ ከሥሩ ስብ እምብዛም የለውም። ማራገቢያ ሲነፍስባቸው ወይም እርጥብ ዳይፐር ሲቆይባቸው ቶሎ ይቀዘቅዛሉ። አንድ ከሰዓት የአንዱን እግር ብነካው በረዶ ሆኗል። እናትየው ግን በላብ ተጠምቃለች። ቴርሞሜትሩ 35.4 አለ። ማራገቢያውን አዞርን። ኮፍያና ካልሲ አድርገንለት ራቁት ደረቷ ላይ አስተኛነው፤ በነጠላዋም አሰርነው። ቀስ በቀስ እግሩ ሞቀ።

ትልቁ ስህተት ግን «ልጁ ይረጋጋና ገላ ለገላ (ራቁቱን ደረት ላይ ማቀፍ) እንጀምራለን» ማለት ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ማሞቂያ ማሽን ስላልበቃ ተጀመረ። ለዚህም ይመስለኛል ብዙዎቻችን የድሃ አማራጭ አድርገን የምናየው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የጋና፣ የሕንድ፣ የማላዊ፣ የናይጄሪያና የታንዛንያ ጥናት ግን ማሽን ባለበትም እንደሚጠቅም አሳይቶናል። እስኪረጋጉ ከመጠበቅ ይልቅ እንደተወለዱ ሲጀመር፣ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት በሩብ ያህል ቀነሱ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ምክሩን ቀየረ፦ ወዲያው ይጀመር፤ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። በራሱ መተንፈስ ያቃተው ወይም ሾክ ውስጥ ያለ (የደም ዝውውሩ የደከመ) ልጅ ብቻ ይጠብቃል።

እና እኛ ምን እናደርጋለን? እናትን «በማጥቢያ ሰዓት ነይ» ብለን በር ላይ እንመልሳለን። ሁለት ሰዓት አቅፋ ከሄደች የዝቅተኛውን መጠን ሩብ ብቻ ሰጠን ማለት ነው። አንቲባዮቲክ ቢሆን እንዲህ እናደርግ ነበር?

እንገር መጣል አሁንም አለ። ቢጫ ስለሆነ ቆሻሻ አይደለም። መጥባት ካልቻለ ታልቦ በቱቦ ይሰጠው፤ ጠብታም ብትሆን።

ኦክስጅንም ሲበዛ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና 50ዎቹ ፈረንጅ አገር ብዙ ሕፃናት በዚህ ዓይናቸውን አጥተዋል። ኦክስጅን ላይ ያለ ልጅ የደሙ ኦክስጅን መለኪያ 100 በመቶ ካነበበ ደስ አይበለን፤ እንቀንስለት። ከ90 እስከ 95 ይበቃዋል።

ሌላው ስህተት ሁሉን በእናት ላይ መጣል ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ሌሊቱን ሙሉ አትችልም። አባት ይችላል፣ አክስት ትችላለች። አንዲት አያት ከሐረር መጥተው «እኔ ምን ልርዳ?» ሲሉኝ ወንበር ሰጠኋቸው። ሻርፓቸውን ፈተው ልጁን ደረታቸው ላይ ሸጎጡት፤ ልጃቸውም እስኪነጋ ተኛች።