ከጎንደር ወደ ጣና ዳር፦ ሚኒባስ ውስጥ እያደሩ መዞር

ጎንደር የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ፋሲል ግቢን ያይና ወደ ስሜን ተራሮች ይሄዳል። ጣና ግን እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ሐይቁ ዳር ያለችው ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ሚኒባስ ካላችሁ ወይም የሚያከራያችሁ ሰው ካገኛችሁ የኋላውን ወንበር አስፈቱና ፍራሽ አንጥፉበት። ወፈር ያለ ብርድ ልብስ፣ ውኃ በጀሪካን፣ ባትሪ፣ አጎበር። በቃ፣ ማደሪያ ተገኘ። አጎበሩን እንዳትረሱ፤ ጎርጎራ ያለችበት ደንቢያ ወባ አለ፣ ቢንቢውም ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሚነሳው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ግን እለምናችኋለሁ፦ ሐይቁን አስቀድሙ፣ ፋሲል ግቢን መጨረሻ አድርጉት። አፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ያሠሩት ጎርጎራ ጣና ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። የአባትየውን ግምብ አይቶ የመጣ ሰው የልጁን ሲያይ ዓይኑ ሌላ ነው፤ ድንጋዩንም ኖራውንም እያነጻጸረ ነው የሚዞረው።

ናፍጣ ጎንደር ወይም አዘዞ ሙሉ፤ ወደፊት አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ። ትርፍ ጎማውን ጎሚስታ ጋ አሳዩ። የመንገዱንም ሰላም በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ፤ የዛሬ ወር የተነገራችሁ ወሬ አይጠቅማችሁም። አዘዞ ላይ መንገዱ ይለያል። አንዱ በማክሰኚትና በእንፍራንዝ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ የእናንተ በቆላ ድባ በኩል ያለው ነው።

እንግዶችን የሚያሳስተው ካርታ ነው። ካርታ ላይ ጎርጎራና እንፍራንዝ ሁለቱም ጣና አጠገብ ስለሚታዩ ውኃውን ተከትለው የሚሻገሩ ይመስላቸዋል፤ ግን መሃል ላይ መገጭ ወንዝ አለ፣ ሜዳው ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው። ዝናብ ሲነካው ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ጥርሱን ይሞላዋል፣ ከዚያ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። መስከረም ላይ አንድ ቤተሰብ በዚህ በኩል እናቋርጣለን ብለው ሚኒባሳቸው እስከ ሆዱ ተቀብሮ ገበሬዎች በገመድ ጎትተው ሲያወጡት አይቻለሁ። ቢይዛችሁ ነዳጅ አትርገጡ፣ ይባስ ይቀብራችኋል። ሰው አውርዱ፣ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጥረጉ፣ ገለባ ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ደልድሉ፣ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ በቀስታ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በመጣችሁበት መመለስ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ብትሄዱ ይህ ጣጣ የለም።

ጎርጎራ ስትደርሱ ሳይመሽ ማደሪያችሁን አበጁ። ሜዳ ላይ ዝም ብላችሁ አትቁሙ። የሆቴል ግቢ ወይም ዘበኛ ያለበት ቦታ አስፈቅዳችሁ ገብታችሁ እደሩ፤ ለዘበኛውም እራት አካፍሉት፣ ጨዋታውም ይጥማችኋል። ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፣ ብልሃርዚያ አለ። እሱ ቢቀርባችሁም ዓሣው አለላችሁ፦ ቆሮሶ በሙሉው ተጠብሶ፣ ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ከዳጣ ጋር። ቆዳው ጥርስ ሥር ቀጭ ይላል፣ ውስጡ ነጭና ለስላሳ። በእጅ ብሉት።

ጠዋት ደብረ ሲና ማርያም ሂዱ። ከቅዳሴ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ነጠላ ልበሱ፣ ጫማ አውልቁ፣ ቄሱን «አባ፣ ሥዕሉን ለማየት ይፈቀድልን?» በሉ፤ በትሕትና ለጠየቀ አይከለክሉም። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። አትቸኩሉ፣ ፍላሽም አታብሩ። ወደ ሱስንዮስ ግምብ፣ ማርያም ግምብ ወደሚባለው፣ በጀልባ የምትሄዱ ከሆነ በጊዜ ውጡ፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ጣናም ይናወጣል። ዋጋ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ ደርሶ መልስ መሆኑንም አረጋግጡ። ግምቡ ብዙው ፈርሷል። የቀረው ግን፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባ በተለይ፣ ያን ሁሉ መንገድ ያስረሳል። ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ሴት አይገባም፤ ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ጀልባ ላይ ሳትወጡ ተነጋገሩበት።

አንድ ቀን መጨመር የምትችሉ በአዘዞ ዞራችሁ በባሕር ዳሩ መንገድ እንፍራንዝ አጠገብ ጉዛራ ውጡ። የአፄ ሠርፀ ድንግል ግምብ ነው፣ ከሱስንዮስም በፊት። ጉብታው ላይ ሆናችሁ ሜዳው እስከ ጣና ተዘርግቶ ይታያችኋል። ለእኔ ከዚህ አካባቢ እንደ እሱ የሚያምር ቦታ የለም፣ ጎብኚው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ጎንደር ግቡ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ፋሲል ግቢ፣ ቁስቋም። ለጥምቀት ከመጣችሁ ክፍል ከወራት በፊት ያዙ፣ ሚኒባሱንም ጥር 10 ጠዋት አንድ ግቢ አስገብታችሁ አቁሙት፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ መውረድ ከጀመሩ በኋላ በመኪና የሚታለፍ መንገድ አይኖርም።