ኢሜይል የሚልክ ኮድ ስንፈትሽ የምንሠራቸው ስህተቶች

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ ነው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። አንድ ቀን በላፕቶፑ ባትሪ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) ሳስኬድ ግማሹ ወደቀ። ኮዱ ደህና ነበር። ለካ ቴስቶቹ በእያንዳንዱ ዙር እውነተኛው የኢሜይል ሰርቨር ጋ ይሄዱ ኖሯል።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። የኢሜይል ቴስት ኢንተርኔት መፈለግ የለበትም። ጃንጎ (በፓይተን ዌብሳይት መሥሪያው) ቴስት ሲሮጥ ደብዳቤውን ሳይልክ በራሱ ሚሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል። የፒኤችፒው ላራቬልም ሜይል ፌክ የሚባል፣ የላከ የሚያስመስል ነገር አለው። መልኩን በዓይናችሁ ማየት ካማራችሁ ሜይልፒት የሚባለውን የሙከራ ኢሜይል ሰርቨር ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑ፤ በፖርት 1025 ይቀበላል፣ በብራውዘር 8025 ላይ ያሳያችኋል።

ሁለተኛው የሰው አድራሻ መጠቀም ነው። ከአእምሯችሁ ፈጥራችሁ የጻፋችሁት የጂሜይል አድራሻ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ኤግዛምፕል ዶት ኮም ከ1999 ጀምሮ በአርኤፍሲ 2606 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ነው) ለምሳሌነት የተያዘ ነው። እሱን ተጠቀሙ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን «አንድ ኢሜይል ተልኳል» ብሎ ቆጥሮ መተው ነው። እኛም እንዲሁ ስንቆጥር ከረምን። ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ አልፏል። ከዚያ አንዲት ደንበኛ ደውላ «የይለፍ ቃል መቀየሪያውን ስነካው አልከፍት አለኝ» አለች። ደብዳቤውን ከፍተን ስናይ ሊንኩ የሚጀምረው በሎካልሆስት ነው፤ «ይሄው መሣሪያ ራሱ» ማለት ነው። የሴትዮዋ ስልክ የኛን ሰርቨር ራሱ ውስጥ እየፈለገ ነበር ማለት ነው! ስለዚህ ተቀባዩን፣ ርዕሱን፣ ስሙን እዩ። ሊንኩን ከደብዳቤው ውስጥ አውጡትና ቴስቱ ራሱ ይክፈተው፤ የይለፍ ቃሉ እስኪቀየር ድረስ ይሂድ።

ለአማርኛ ደብዳቤ ደግሞ ሰዓቱን አትርሱ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) 06:00 ብሎ የያዘው ቀጠሮ ለአንባቢው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቴስቱ ውስጥ ሰዓቱን አንድ ቦታ አቁሙትና ይህን አረጋግጡ። ጥሬውን መልእክት ከፍታችሁ ርዕሱ ላይ «ሰላም» ብላችሁ ብትፈልጉም አታገኙትም፤ የአማርኛ ርዕስ የሚጓዘው በላቲን ፊደልና በቁጥር ተቀይሮ ነው። መጀመሪያ ፍቱት።

ጃንጎ ላይ ኢሜይሉን በኦን ኮሚት (ለውጡ ዳታቤዙ ላይ ከጸደቀ በኋላ) የምትልኩ ከሆነ፣ ተራው ቴስትኬስ (የጃንጎ የቴስት ክላስ) ትራንዛክሽኑን፣ ማለትም የዳታቤዙን ለውጥ፣ ሳያጸድቅ ስለሚመልሰው ኢሜይሉ ጭራሽ አይወጣም። ከጃንጎ 3.2 ጀምሮ ካፕቸር ኦን ኮሚት ኮልባክስ የሚባል መፍትሔ አለው።

ያለመላክንም ፈትሹ። «አትላኩልኝ» ያለ ሰው ምንም እንዳይደርሰው፣ የኢሜይል ሰርቨሩ እምቢ ሲል ደግሞ ምዝገባው አብሮ እንዳይወድቅ።