ፋጉሎው ሽንት ሆኖ እንዳይፈስ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ድቅል ላም ያለው ሰው ቅሬታው ተመሳሳይ ነው፦ «ፋጉሎ ጨመርኩላት፣ ወተቷ ግን ያው ነው።» ፋጉሎው፣ ማለትም የኑግ ዘይት ተጨምቆ የሚቀረው፣ መጥፎ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

ላም የበላችውን ፕሮቲን ቀድመው የሚሻሙት በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። የኑግ ፋጉሎን ፕሮቲን አብዛኛውን ሰባብረው አሞኒያ ያደርጉታል፤ በአሞኒያው ደግሞ የራሳቸውን አካል ይሠራሉ። ሽንፍላን አልፈው አራተኛው ክፍልና ትንሹ አንጀት ሲደርሱ ላሟ እነሱኑ ትፈጫቸዋለች። ከምታገኘው ፕሮቲን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነሱ ነው። ይህን ለመሥራት ግን ጉልበት ይፈልጋሉ፤ እሱም ከእህል፣ ከሞላሰስና ከሚፈጭ ገለባ ይመጣል። ጉልበቱ ካነሰ አሞኒያው በደም ወደ ጉበት ይሄዳል፣ ጉበት ዩሪያ ያደርገዋል፣ ዩሪያው በሽንት ይወጣል። ጉበትም ለዚህ ሥራ ጉልበት ያወጣል። የከሳች ላም ላይ ፋጉሎ ብቻ መከመር የማይበጀው ለዚህ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። የገብስና የስንዴ ገለባ ፕሮቲን ከ100 እጅ 4 ወይም 5 ቢሆን ነው። ጠቅላላ መኖው ከ7 እጅ ከወረደ ተሕዋስያኑ ይራባሉ፣ ገለባው ሳይፈጭ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፤ ላሟ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። እንዲህ ላለችው 1 ኪሎ ፋጉሎ ራሱ የምትበላውን ገለባ ይጨምራል።

እንግዲህ ድብልቁ። ለ100 ኪሎ፦ ፉርሽካ 52፣ የኑግ ፋጉሎ 30፣ የተከካ በቆሎ 15፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 2፣ ጨው 1 ኪሎ። ፕሮቲኑ 19 እጅ ግድም ይወጣል። በቆሎ ተወደደ ብሎ ማስቀረት የተለመደ ነው፤ ያኔ ግን አሞኒያው ጉልበት አጣ ማለት ነው። ሞላሰስ ካገኛችሁ በከፊል ይተካዋል። በቀን 10 ሊትር ለምትሰጥ ላም ከ4 እስከ 5 ኪሎ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ተከፍሎ፣ ከገለባ ቀጥሎ እንጂ በባዶ ሆዷ አይሰጥ። ስትጨምሩ በሁለት ሦስት ቀን ግማሽ ኪሎ እየሆነ ይሁን፤ ተሕዋስያኑ አዲስ መኖ እስኪለምዱ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅባቸዋል።

ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ስላለ የቢራ አተላ ቅርብ ነው። ከአራት እጁ ሦስቱ ውሃ መሆኑን አትርሱ፦ 5 ኪሎ እርጥብ አተላ በፕሮቲን ከ0.9 ኪሎ ፋጉሎ ጋር ይስተካከላል፤ ዋጋውን በዚህ አስሉት። ፕሮቲኑ ከፋጉሎው ይልቅ ሳይሰበር ወደ አንጀት ያልፋል፣ ይህም ብዙ ለምትታለብ ላም ጥሩ ነው። ግን ገለባ ለምትበላ ላም ፋጉሎውን ጨርሶ አታስቀሩ፤ ገለባ ፈጪዎቹ አሞኒያ ይፈልጋሉ። በቀን እስከ 10 ኪሎ ይበቃል። በኮምቦልቻ ሙቀት በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል፤ ደሴ ላይ ትንሽ ይቆያል። ለማቆየት በርሜል ውስጥ ጠቅጥቆ አየር እንዳይገባ በላስቲክ ማሸግ ነው። ፋጉሎም አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካወጣ ይጣል፤ መርዙ ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ማድረቅም አያጠፋውም።

ገለባውን ራሱ ማከም ይቻላል። 5 ኪሎ ዩሪያ (ማዳበሪያውን) በ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ 100 ኪሎ ደረቅ ገለባ ላይ በየንብርብሩ አርከፍክፉ፣ ርገጡ፣ በላስቲክ ሸፍኑ። ኮምቦልቻ 21 ቀን፣ የደሴ ብርድ ግን ከ4 ሳምንት በታች አይበቃውም። ሲከፈት ቡናማ ሆኖ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ሊኖረው ይገባል፤ የሻጋታ ሽታ ካለው ላስቲኩ ቀዳዳ ነበረው። ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሌሊት አናፍሱት፣ ከተለመደው ገለባ ጋር እየቀላቀላችሁ አስለምዱ። ከ6 ወር በታች ለሆነ ጥጃ አይሆንም። የጤፍ ጭድ ድሮም ለስላሳ ስለሆነ ላስቲኩን ለስንዴና ለገብስ ገለባ ወይም ለተከተፈ የማሽላ አገዳ ብታውሉት ይሻላል።

ዩሪያ በመጠጥ ውሃ በጭራሽ አይሰጥ። ላሟ ከበላች በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተንቀጠቀጠች፣ ለሀጯ ከተዝረከረከና ሆዷ ከተነፋ መኖውን አንሱና ሐኪም ጥሩ፤ ቀዝቃዛ ውሃና 3 ወይም 4 ሊትር ኮምጣጤ ማዘጋጀት ጊዜ ያተርፋል።

ልኩ መምጣቱን እበቱ ይናገራል። ደርቆ የተከመረና ረጃጅም ገለባ የሚታይበት ከሆነ ፕሮቲን አንሷል። ቀጥኖ የሚፈስና ጋጣው ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ፕሮቲኑ በዝቷል ወይም ገለባው አንሷል። ከተጠራጠራችሁ ወተቱን በሊትር እየለካችሁ ግማሽ ኪሎ ፋጉሎ ቀንሱና 10 ቀን ጠብቁ። ወተቱ ካልወረደ በግማሽ ኪሎው ፋንታ የተከካ በቆሎ ጨምሩና ሌላ 10 ቀን ለኩ።