ወለላችሁ ሲጢጥ ካለ ሚስማር አትጨምሩበት
አዳማ ነባር ሰፈሮች ውስጥ የጣውላ ወለል ያለው ቤት የሚኖር ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ሌሊት ውኃ ልትጠጡ ስትነሡ ሲጢጥ ይላል፣ በመከራ የተኛው ሕፃን ይነቃል። አብዛኛው ሰው መዶሻ ያነሣና ሁለት ሦስት ሚስማር ይጨምርበታል። አንድ ሰሞን ዝም ይላል፣ ከዚያ ብሶበት ይመለሳል። እባካችሁ ሚስማሩን ተዉት። ብዙ ጊዜ ድምፁን የሚያመጣው ራሱ የላላው ሚስማር ነው።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። የአዳማ በጋ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም የዋዛ አይደለም፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ለዚህ ነው። ጣውላው ክረምት አብጦ በጋ ሲሟሽሽ፣ ዓመት ዓመትን እየተካ ሲሄድ፣ ሚስማሩ የገባበት ቀዳዳ ይሰፋና በረገጣችሁት ቁጥር እንጨቱ ሚስማሩ ላይ ወጣ ገባ ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ድምፁ ቢጠፋ ዳነ ብላችሁ አትዘናጉ፤ እንጨቱ አብጦ ነው። ጥገናውን ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ አድርጉት፣ ክፍተቱ ሁሉ ያኔ ይታያል።

መጀመሪያ ቦታውን በትክክል ለዩ። ምንጣፉን አንሡ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። አንዱ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ሌላው ተንበርክኮ እጁን ጣውላው ላይ አድርጎ ያዳምጥ። የሚነቃነቀውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ሥር ያለውን ሞራሌ፣ ማለትም ጣውላውን ከሥር የሚሸከመውን እንጨት፣ ፈልጉ። የሚስማር ራሶች በአንድ መስመር የተደረደሩበትን ተከተሉ፣ ሞራሌው ከዚያ ሥር ነው፣ ጣውላዎቹን አቋርጦ ይሄዳል።

ጣውላው ሳይነቃነቅ ጠርዙ ከጎረቤቱ ጋር ብቻ የሚፋተግ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ክፍተቱን በብሩሽ ጥረጉና የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት፣ እየረገጣችሁ አስገቡት። የተረፈውን በደንብ አንሡ፣ ያንሸራትታል። የሻማ ሰም ማሸትም ይሆናል። ማስታገሻ ነው፣ ቆይቶ መደገም አለበት።

የሚነቃነቅ ጣውላ ግን በብሎን መያዝ አለበት። ሚስማር ልሙጥ ስለሆነ ሾልኮ ይወጣል፣ የብሎን ጥርስ እንጨቱን ነክሶ ይይዛል። ጣውላው 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የእንጨት ብሎን ይበቃል። ዝም ብላችሁ አታስገቡት፣ ደረቅ ጣውላ በተለይ ጫፉ አካባቢ ይሰነጠቃል። በድሪል ቀድማችሁ ብሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር አለች፦ ጣውላው ላይ ያለው ቀዳዳ ብሎኑ እንደ ልብ የሚያልፍበት ይሁን፣ ሞራሌው ላይ ያለው ግን ከብሎኑ ይቅጠን። ሁለቱም ጠባብ ከሆኑ ብሎኑ ጣውላውን ከፍ እንዳለ ይይዘዋል እንጂ ወደ ሞራሌው አይስበውም፣ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስታጠብቁ ሌላ ሰው ጣውላው ላይ ይቁምበት። የብሎኑ ራስ ከወለሉ ትንሽ ዝቅ ሲል አቁሙ፣ ጉድጓዱን ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሳችሁ ድፈኑት። የላላውን አሮጌ ሚስማር ንቀሉት፣ እንቢ ካለ ወደ ውስጥ ምቱት። መታጠቢያ ቤት አጠገብ ከሆናችሁ ከመብሳታችሁ በፊት የውኃ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ አረጋግጡ።

ቤቱ ከፍ ብሎ የተሠራ ሆኖ ከሥር መግባት ከተቻለ፣ በጣውላውና በሞራሌው መካከል ያለውን ክፍተት በቀጭን ሽብልቅ መሙላትም ይቻላል። ኮላ ቀብታችሁ በእጅ ግፉት። በመዶሻ ከመታችሁት ጣውላውን ያነሣዋል፣ አጠገቡ ያለውም መጮህ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ምስጥ መኖሩን እዩ። ሞራሌውን በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። በቀላሉ ከገባ፣ ወይም ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ወይም ግድግዳው ሥር የአፈር መስመር ካያችሁ፣ ብሎን የሚይዘው ነገር የለም። ያን ጊዜ አናጢ ጥሩ፣ ምስጡ ይጥፋ፣ የተበላው እንጨት ይቀየር። ሰው የሚመላለስበት ወለል ነው፣ ልጅ ወይም አዛውንት እግራቸው ሊሰጥም ይችላል። ከወለሉ ሥር እርጥበት እንዳይጠራቀም ከመሠረቱ ላይ ያሉትን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች በአፈር ወይም በዕቃ አትድፈኑ፣ ወለሉንም በባልዲ ውኃ አታጥቡ። ሐዋሳ ሐይቁ አጠገብ ለምትኖሩ ይህ ነገር ይበልጥ ይመለከታችኋል።

አዲስ ጣውላ የምትገዙ ከሆነ ገበያ ላይ እርጥቡ ስለሚበዛ ከብዷችሁ እንደሆነ አንሥታችሁ እዩት። ገዝታችሁም ወዲያው አትግጠሙት። ጥላ ያለበት ቦታ፣ ቢቻል የሚገጠምበት ክፍል ውስጥ፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩትና ጥቂት ሳምንታት ይቆይ።