የቤት ኦቨን ሙቀት ትክክል መሆኑን መመርመሪያ መንገድ

ድፎ ዳቦው ጠርዙ አርሮ መሐሉ ሊጥ እንደሆነ የወጣበት ሰው ብዙውን ጊዜ ዱቄቱን ወይም እርሾውን ይወቅሳል፤ እኔ ግን አስቀድሞ መመርመር ያለበት በኦቨኑ ማዞሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው እላለሁ፤ የቤት ኦቨን ከተስተካከለበት ቁጥር በ10 ወይም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነውና።

ለዚህ ሥራ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ እርሱም ራሱ መፈተሽ አለበት። ዘንግ ያለው ከሆነ ጫፉን የድስቱን ግርጌ ሳያስነኩ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ይያዙት። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ስለሆነ፣ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር 94፣ ዝቅ ብላ በምትገኘው ድሬዳዋ ደግሞ 96 ገደማ ሊያነብ ይገባል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን መለኪያ ተበላሸ ብሎ ሊጥለው ይችላል። በኦቨን ውስጥ የሚንጠለጠለው ባለ ቀስት መለኪያ ግን ውሃ ውስጥ አይነከርም።

ከዚያ ትሪዎቹን አውጥተው መለኪያውን በመካከለኛው መደርደሪያ መሐል ያስቀምጡና ኦቨኑን 180 ላይ ያድርጉት። የኦቨኑ ጠቋሚ መብራት ቀድሞ ቢጠፋም ግድግዳዎቹ ገና ስላልሞቁ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ቴርሞስታቱ ኃይሉን እያበራና እያጠፋ ስለሚሠራ ሙቀቱ ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህ በአንድ ንባብ ከመፍረድ ይልቅ በየ10 ደቂቃው ስድስት ጊዜ አንብበው ድምሩን ለስድስት ያካፍሉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀት ስለሚያመልጥ በመስታወቱ በኩል ማንበብ ይመረጣል።

የኤሌክትሪክ ኃይል በሚዳከምበት ሰዓት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 198 ቢወርድ የማሞቂያው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ ኦቨኑ ለመሞቅ ይዘገያል፤ ስለዚህ ልኬቱን ዘወትር በሚጋግሩበት ሰዓት ያድርጉት።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በስኳር መፈተን ይችላል። ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አድርገው በሞቀ ኦቨን ውስጥ ለ15 ደቂቃ ብቻ ያቆዩት፤ ረዘም ካለ በዝቅተኛ ሙቀትም መበላሸት ይጀምራል። በ175 ከቀለጠ ኦቨኑ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ በ190 ካልቀለጠ ደግሞ ያንሳል።

ስሕተቱ በሁሉም ሙቀት እኩል ስለማይሆን በ150 እና በ220 ላይም በቴርሞሜትሩ ይለኩ፤ የተገኘውንም ልዩነት በወረቀት ጽፈው ከኦቨኑ አጠገብ ይለጥፉ። ልዩነቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ መጀመሪያ የበሩ ጎማ መሰንጠቁን ይዩ፤ እርሱ ደህና ከሆነ ቴርሞስታቱን ለባለሙያ ያሳዩ።