የሺላ ነገሥታት የእንጨት መቃብር እንዴት ይሠራ ነበር?

በደቡብ ምሥራቅ ኮሪያ በምትገኘው የጊዮንግጁ ከተማ መካከል ሣር የለበሱ ትልልቅ ጉብታዎች ይታያሉ። እነዚህ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዘመን የሺላ መንግሥት ነገሥታትና መኳንንት የተቀበሩባቸው፣ ከእንጨት፣ ከድንጋይና ከአፈር የተሠሩ፣ በር የሌላቸው መቃብሮች ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በዋናነት እ.ኤ.አ. በ1973 የተቆፈረውን ቾንማቾንግ የተባለውን መቃብር ይከተላል።

ሥራው የሚጀምረው መሬቱን በመደልደል ነው። በቀደሙት ዘመናት የእንጨቱ ክፍል በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ በትልልቆቹ የሺላ መቃብሮች ግን ከመሬቱ ወለል ብዙም ሳይወርድ ድንጋይና ጭቃ በተነጠፈበት መደብ ላይ ይቆማል።

ቀጥሎ ወፋፍራም እንጨት ተጠርቦ አራት ማዕዘን ክፍል ይሠራል። የቾንማቾንግ ክፍል 6.6 ሜትር ርዝመት፣ 4.2 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ገደማ ቁመት ነበረው። ጣራው ለጊዜው ክፍት ይተዋል።

ሦስተኛው ሥራ ክፍሉን ዙሪያውን በድንጋይ መክበብ ሲሆን፣ ለዚህም የሰው ራስ የሚያካክሉ የወንዝ ድንጋዮች ይመረጣሉ። ድቡልቡል ድንጋይ ያለ ማያያዣ ሲቆለል ስለሚንሸራተት፣ ሁዋንግናምዴቾንግ በተባለው ግዙፍ መቃብር ሠራተኞቹ አስቀድመው ምሰሶ አቁመውና በአግድም እንጨት አያይዘው፣ ድንጋዩን በዚያ መዋቅር ውስጥ ሞልተዋል። በእኔ እምነት ከሥራው ሁሉ ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ቀብሩ ይፈጸማል። በቾንማቾንግ የሬሳ ሣጥኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ፣ ሟቹ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ቀበቶ እንዳደረገ ራሱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ተኝቷል። ከራስጌው የዕቃ ሣጥን ነበር፤ ከሥር የብረት ድስትና የሸክላ ዕቃ፣ ከላይ ደግሞ የፈረስ ዕቃ ተደርድሮበታል። ከኮርቻ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠለውና ነጭ ፈረስ የተሣለበት፣ ከዛፍ ቅርፊት የተሠራው የጭቃ መከላከያ የተገኘው ከዚሁ ሣጥን ነው።

አሁን ክፍሉ በእንጨት ይከደንና በላዩ ድንጋይ ይቆለላል። የድንጋዩ ክምር ውኃ እንዳያሰርግ በጭቃ ይለበጣል፣ ዳርቻውም በድንጋይ ካብ ይከበባል፤ በመጨረሻም አፈር ይለብሳል። ቾንማቾንግ ሲያልቅ የግርጌው ወርድ 47 ሜትር፣ ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ ሆኗል። በካቡ ዙሪያ ምግብ የያዙ ማሰሮዎች የሚቀመጡበትም ጊዜ ነበር። ሶቦንግቾንግ በተባለው ስፍራ በተገኙት ማሰሮዎች ውስጥ የዛጎልና የዓሣ ቅሪት፣ የዶልፊን አጥንት ሳይቀር ተገኝቷል፤ ባሕሩ ከከተማዋ ሩቅ አይደለምና።

እንጨት ይበሰብሳል። ክዳኑ ሲሰበር ከላይ ያለው ድንጋይ ተንዶ ክፍሉን ይሞላዋል፤ ዕቃው ይደቅቃል፣ ይጨፈለቃል። ነገር ግን ሌባ ቢመጣ የሚገባበት መተላለፊያ የለም፤ ከላይ ቢቆፍርም ድንጋዩ እየተንሸራተተ ጉድጓዱን ይደፍንበታል። የሺላ ወርቅ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይዘረፍ የቆየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ አሠራር ጉድለት አንድ ጊዜ የተዘጋው ተመልሶ አለመከፈቱ ነው። ሚስት ከባሏ ጋር ልትቀበር ብትሻ ከጎኑ ሌላ ጉብታ መሥራት ግድ ይል ነበር። ሁዋንግናምዴቾንግ እንዲህ ያለ ጥንድ መቃብር ነው፦ በደቡብ በኩል ወንዱ አስቀድሞ ተቀብሮ፣ የሴቲቱ ጉብታ በሰሜን በኩል ተቀጥሎበት፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 120 ሜትር ያህል ደርሷል። በ6ኛው መቶ ዘመን ሺላዎች መተላለፊያ ወዳለው የድንጋይ ክፍል ተሸጋገሩ፤ በሩ እየተከፈተ ዘመድ ከዘመዱ አጠገብ መቀበር ቻለ፤ ሌባውም በዚያው በር መግባት ጀመረ።