ማን-ክዚን ዋርስን ልታነቡ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ማን-ክዚን ዋርስ በሰው ልጆችና ክዚንቲ በሚባሉ የሌላ ዓለም ፍጡራን መካከል ስለሚደረግ ጦርነት የሚተርክ፣ ብዙ ደራሲዎች የጻፉበት የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ መድበል ነው። አንድ ጀማሪ «ከየት ልጀምር?» ባለ ቁጥር አንዱ ብድግ ይልና የጊዜ ሰንጠረዥ ይልክለታል። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል! ጦርነቱ መቼ ተጀመረ፣ ማን ማንን አሸነፈ፣ የትኛው ፕላኔት ተያዘ፣ ሁሉም ተዘርዝሮ ካለቀ ልጁ ምን ቀረው? እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 የወጣውን የመጀመሪያውን መድበል ብቻ ስጡት። መክፈቻው የዚህ ዓለም ፈጣሪ ላሪ ኒቨን በ1966 ያሳተማት አጭር ታሪክ፣ «ዘ ዋሪየርስ» ናት። ክዚንቲ፣ እነዚያ ግዙፍ ድመት የሚመስሉት ተዋጊዎች፣ ጠፈር ላይ የሰዎችን መርከብ ያገኛሉ። ሐሳብ የሚያነበው ባልደረባቸው የሰዎቹን ጭንቅላት ይበረብርና ምንም የጦር መሣሪያ እንደሌላቸው ይናገራል። ሰዎቹ ደግሞ ጦርነት የሚባለውን ነገር ከረሱ ቆይተዋል። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡ፤ እናንተ ብትሆኑ በምን ታመልጣላችሁ? መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ደግሞ የአድናቂዎች ገጾች ገና ከመግቢያቸው ይጽፏታል። እሷን ቀድሞ ያየ ሰው ታሪኩ ውሃ ውሃ ይለዋል። እባካችሁ አታበላሹባቸው!

ሌላው የስም ነገር ነው። ብዙ ሰው «ክዚንቲዎቹ ይምታቱብኛል» ብሎ ያቆማል። አንድ ክዚን (የክዚንቲ ነጠላ ነው) ስም የሚያገኘው በሥራው ነው፤ እስከዚያ የሚጠራው በሙያው ወይም በማዕረጉ ነው። ስለዚህ አንዱ በስሙ ከተጠራ በክዚንቲ ዘንድ ትልቅ ቦታ ያለው መሆኑን እወቁ። ሐሳብ አንባቢውን ግን ሁሉም ይፈልጉታል፣ ሁሉም ይንቁታል፤ ችሎታውን የሚቀሰቅስለት መድኃኒት ሱሰኛ አድርጎታል። እሱ በገባ ቁጥር ሌሎቹ እንዴት እንደሚያናግሩት አስተውሉ። ስለ ክዚንቲ ኑሮ ከውጊያው ይልቅ ይሄ ብዙ ይነግራችኋል።

አንድ ታሪክ አልጥም ስላላችሁ መጽሐፉን አትወርውሩት። ኒቨን ዓለሙን ለሌሎች ደራሲዎች ከፍቶላቸዋል፣ እያንዳንዱም በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው። እዚያው ቅጽ አንድ ላይ የፖል አንደርሰን «አይረን» የከዋክብትንና የፕላኔቶችን ሳይንስ እየተነተነ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የዲን ኢንግ «ካትሃውስ» ግን በክዚንቲ ተማርኮ የማያውቀው ዓለም ላይ የተጣለ ሰው ታሪክ ነው። አንደኛው ካልሳባችሁ ሁለተኛውን ሞክሩ።

በደራሲዎቹ መካከል ትንንሽ ልዩነት ስታገኙም አትጨቃጨቁ፣ እለፉት።

ቅጽ ሦስትን ከቅጽ ሁለት በፊት ማንበብ ግን ትልቅ ስህተት ነው። መድበል ስለሆነ ከየትም ቢጀመር ለውጥ የለውም የሚሉ አሉ። አለው! የጄሪ ፑርኔልና የኤስ. ኤም. ስተርሊንግ «ዘ ችልድረንስ አወር» ቅጽ ሁለት ላይ ተጀምሮ ቅጽ ሦስት ላይ «ዚ አስትሮይድ ኩዊን» በሚል ይቀጥላል። ሁለቱ በ1991 በመጀመሪያው ርዕስ አንድ ልቦለድ ሆነው ታትመዋል፤ ሳያቋርጥ ማንበብ የፈለገ እሱን ይፈልግ።